ጋሼ ወርቅነህ የተጫወቱበት አንድ ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ሊያ ከፌስታል ውስጥ ያረጀ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ ፊቴ ስታስቀምጥ፣ ከደብተሩ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነበር። አፍንጫ ሰንጥቆ ዓይን የሚያስለቅስ የጡንቻ ቅባት ሽታ፣ ከቆዳ ማለስለሻ ዘይትና ከቆየ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ። እንደዚያ የሚሸት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሳቸውም ከሁለት ቀን በፊት አርፈዋል። የሊያ አባት፣ ጋሼ ወርቅነህ።

ሊያ የመጣችው የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍላት ነው። በእድራችን ሰው ባረፈ ቁጥር ይህ ሥራ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ተሰጥኦ ኖሮኝ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሜልበርን ስንገባ እናቴ አማርኛዬን እንዳልረሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያስጻፈች ስላሳደገችኝ፣ በእኔ ዕድሜ ካሉት መካከል ሳይደናቀፍ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደኔ ይጠቁማል። የትውልድ ቦታቸውን፣ የተማሩበትን፣ በሱዳን በኩል የተሰደዱበትን፣ እዚህ የሠሩበትን ፋብሪካ እዘረዝርና «ለወገን ደራሽ ነበሩ» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ሰው ከሞተ በኋላ ለወገን ደራሽ ያልሆነ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ገጽ ተኩል ነው። አዳራሹ ውስጥ ይነበባል፣ ይለቀሳል፣ ያልቃል።

የጋሼ ወርቅነህም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። ሊያ ስልኳ ላይ የመዘገበችውን አንድ በአንድ ስትነግረኝ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ ፊቷ በራ።

«አንቲ ሰናይት፣ ቤዝቦሉን እንዳትረሺው እሺ? ዳድ ኢትዮጵያ እያለ ፕሌየር ነበር፤ እዚህ መጥቶ ማናጀር ሆነ። እሱን ታሪክ በጣም ነበር የሚወደው።»

«ተጫዋች ነበሩ?» አልኳት።

«ያ! አንቺም ታውቂያለሽ አይደል? የሱ ቲም ውስጥ ነበርሽ ብሎኛል።»

ቡድኑ ውስጥስ ነበርኩ። ግራ የገባኝም ለዚያ ነው። እኔ እስከማውቀው ጋሼ ወርቅነህ በሕይወታቸው ቤዝቦል የተጫወቱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ማናጀር ከሆኑ በኋላ። ያንን ቀን ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አንስቼው አላውቅም። አሁን ሊያ እንዳለችው ብጽፈው፣ አዳራሹ ውስጥ አብረዋቸው ያደጉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ መሳቂያ ላደርጋቸው ነው። ብተወው ደግሞ ልጅቷ ያሳደጓትን አባት ከፊሉን ልቆርጥባት ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ደብተሩን ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሳላስበው አንድ ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

ያኔ የምንኖረው ሰንሻይን ዌስት ነበር፤ እናቴና እኔ ብቻ፣ ግድግዳው ከእንጨት የተሠራ፣ በክረምት የሚያንቀጠቅጥና በበጋ የሚያነፍር አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ። ከቤታችን ኋላ መንገዱን ተሻግሮ ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ከሜዳው ወዲያ የፋብሪካዎች ጣሪያ ይታያል፤ የሰሜኑ ነፋስ የነፈሰ ቀን የቀለጠ ፕላስቲክና የደረቀ ሣር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል፤ ዝንቡ ደግሞ አፍ አያስከፍትም። የሜዳው ግማሽ የእግር ኳስ፣ ግማሹ የቤዝቦል ነው። የእግር ኳሱ ወገን በልጅ የተጥለቀለቀ ሲሆን ቤዝቦሉ ግን ሰው አጥቶ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ ይለምን ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የገባሁበት ምክንያት አያኮራም፤ ኮፍያ ይሰጣሉ ሲባል ሰምቼ ነው። እናቴ ሴት ልጅ ዱላ ይዛ ሜዳ ላይ ስትራወጥ ማየት አልፈልግም ብላ እንቢ ስትል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ወርቅነህ በነጭ መኪናቸው አድርሰው ሊመልሱኝ ቃል ገብተው አስፈቀዱልኝ።

ጋሼ ወርቅነህ አዲስ አበባ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ዳንደኖንግ የሚባል ሰፈር ባለ ፋብሪካ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ይሠሩ ነበር። ያኔ ገና አላገቡም፤ ሊያ የመጣችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውና ጠዋት ማታ በቅባት የሚያሹ ሰው ነበሩ፤ መኪናቸው ውስጥ መስኮት ሳይከፍቱ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ማናጀር የሆኑት ደግሞ በይሉኝታ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔን አድርሰው ሊመለሱ ሲሉ የክለቡ ሰውዬ ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት ትከሻቸውን ይዞ፣ ለዚህ ቡድን አንድ ኃላፊ የሚሆን አዋቂ ያስፈልጋል፣ እርስዎስ ብሎ ጠየቃቸው። ሰው ፊት የጠየቀን ሰው፣ ሰው ፊት እንዴት እንቢ ይባላል? ፈረንጆቹ በሙሉ ኖ ብለው ሲያልፉ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ፤ ስለ ጨዋታው የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም።

እሺ ካሉ በኋላ ግን ቀልድ አያውቁም። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን የቤዝቦል መጻሕፍትና መጽሔቶች አንድ ሳያስቀሩ ተዋሱ። የጨዋታውን ሕግ በሁለት ሳምንት ጨረሱት፤ ከዚያ ለእኛ የሚሆን አማርኛ አበጁለት። ሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተዘረጉት ሦስቱ ነጫጭ ከረጢቶች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕዘን ሆኑ፤ መነሻውና መመለሻው ቤት ተባለ። የመታ ይሮጣል፤ ማዕዘኖቹን ዞሮ ቤት ከገባ ነጥብ ነው። ከረጢቱን እስከረገጠ ድረስ ማንም አይነካውም፤ እግሩን አንስቶ ኳስ የያዘ ሰው ከነካው ግን ወጣ። ቡድኑ ውስጥ አበሻ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይህ ሁሉ አማርኛ ለአንድ ተማሪ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ቀስ በቀስ «ቤት! ቤት!» እያሉ መጮኽ ለምደው ነበር።

ልባቸው ያረፈው ግን ሕጉ ላይ አልነበረም፤ ከተጫዋችነት ማናጀር በሆኑ ሰዎች ታሪክ ላይ ነው። ያነበቡትን በዚያ ሰማያዊ ደብተር በጥያቄና መልስ ይጽፉታል፤ ቅዳሜ መኪና ውስጥ እኔን ያፋጥጡኛል። ዕድሜ ልኩን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ማናጀር ሲሆን ግን ዋንጫ የበላ ማነው? አንድ ቀን ብቻ ተሰልፎ ሁለተኛ ያልተጠራ፣ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ያሰለፈ ማነው? ስሙን ብነግራቸውም አይጠቅምም ነበር፤ እሳቸው ስሞቹን መጥራት ስለሚያስቸግራቸው ሁሉንም ባለጺሙ፣ ወፍራሙ፣ ግራኙ ይሏቸዋል። በጣም የሚደነቁት በአንድ ጊዜ ተጫዋችም ማናጀርም በሆኑት ነበር። አንዱ የተሰላፊዎቹን ስም ሲጽፍ የራሱን ስም ይጽፍ ይጽፍና፣ አንድ ጠዋት እርጅናው ሲሰማው በገዛ እጁ ራሱን ትቶ የሌላ ልጅ ስም ጻፈ። ይህንን ሲተርኩልኝ መኪናውን ዳር ይዘው ያቆሙት ነበር፤ ቆመን ካላወራነው የሚቀልባቸው ይመስለኛል።

ሌላው የሚወዱት ነገር ልብሱ ነው። በእግር ኳስ አሠልጣኙ ኮትና ክራቫት አድርጎ ዳር ይቆማል፤ በቤዝቦል ግን ማናጀሩ ሽበቱንም ቦርጩንም ይዞ ልክ እንደ ተጫዋቾቹ ይለብሳል። ጋሼ ወርቅነህ ይህንን ካነበቡ በኋላ ክለቡን ወትውተው ዩኒፎርም ተሰጣቸው፤ ቁመታቸው ስለረዘመ ነጩ ሱሪ ባታቸው ላይ ይቀርባቸዋል፤ ጫማቸው ግን ያው ከአዲስ አበባ ጀምሮ የለመዱት ጥቁር ባለማሰሪያ ቆዳ ነው፤ በየሳምንቱ ይቦረሽ ነበር። አንዴ ከጨዋታ በቀጥታ ሠርግ ቤት ገብተው ሴቶቹ «ምነው ጋሼ ወርቅነህ፣ ሱሪዎ ሸሸዎት?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ ጥያቄው ክብር እንደሆነ ሁሉ፣ ማናጀር ለምን እንደ ተጫዋች እንደሚለብስ ቆመው አስረዷቸው።

ታዲያ ተጫዋች ነበሩ? እዚህ ላይ ነው የሚምታታብኝ። «እኛ ስንጫወት» ይሉ ነበር፤ ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ምን ሲጫወቱ? ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አሜሪካኖች አስተማሪዎች እንደነበሩ ነግረውኛል፤ ዱላና ኳስ ይዘው መጡ ብለውኝ ነበር ወይስ ዱላና ኳሱን ያወሩልኝ በገና ሰሞን ጭቃ ላይ ስለሚጫወቱት የገና ጨዋታ ነው? አንድ ቀን ጥርሳቸውን በዱላ እንደተመቱ የነገሩኝን አስታውሳለሁ፤ እሱ ግን በየትኛውም ጨዋታ ይሆናል። ያኔ ብጠይቃቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ስለመሰለኝ አልጠየቅኩም፤ ካደግኩ በኋላ ለምን እንዳልጠየቅኩ ደግሞ አሁን እደርስበታለሁ።

የዚያ ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ብናሸንፍ ወደ ማጣሪያው እናልፋለን፣ ካልሆነ እስከሚቀጥለው በጋ ደኅና ሰንብቱ ነው። የምንጫወተው በመጨረሻው ምድብ ስለሆነ ልጅና አዋቂ ተቀላቅሎ ይሰለፋል። ዘጠኝ ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ ስምንት ሆነን ቀረን፤ አንዱ አውራ ጣቱ አብጦበት አልመጣም። ዳኛው ጋሼ ወርቅነህን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና፣ ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ይግቡ አለ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስማቸውን ወረቀቱ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ከጻፉ በኋላ ወረቀቱን ትንሽ ራቅ አድርገው አዩት።

እናቴ በዚያ ቀን እንድትመጣ ጋሼ ወርቅነህ ወቅቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲለምኗት ነበር። «እትዬ ብርቄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡ። ልጅዎ ስትሮጥ ማየት አለብዎት፤ እኔ ልማል» ይሏታል፤ እሷም እሺ ብላ ትቀራለች። እኔ ደግሞ እንድትመጣም እንዳትመጣም እፈልግ ነበር። ጨዋታው እየተገባደደ ሳለ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ የኛ የመጨረሻ ተራ ደረሰ፤ እኔ እንደምንም ኳሷን ጨርፌ፣ ሌሎቹም መትተው፣ በምን ተአምር እንደሆነ ሳላውቀው ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቤት ብገባ አሸነፍን። አንድ ሰው ወጥቶብናል፤ ሦስት ከወጣ ተራችን ያልቃል። ቀጣዩ መቺ ጋሼ ወርቅነህ ናቸው።

ዱላውን እንደ ጃንጥላ ነበር የያዙት። ወርዋሪው ልጅ የሚያየው ነገር አስቆት መሰለኝ አራት ኳስ በተከታታይ አበላሸ፤ አራት ከተበላሸ መቺው ሳይመታ ወደ አንደኛው ማዕዘን በነጻ ይሄዳል። ጋሼ ወርቅነህ ዱላውን አንዴም አላወዛወዙም። አስቀመጡት እንጂ አልጣሉትም፤ ለወርዋሪው እጅ ነሡ፣ ለዳኛው እጅ ነሡ፣ በዚያ በተቦረሸ ጫማቸው ቀስ ብለው ሄደው ከረጢቱ ላይ ቆሙ። ቡድናችን በጩኸት አበደ። እኔም ጮኼያለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሳስበው እንኳን ያ ጩኸት አሁንም ደስ ይለኛል።

በዚህ መሀል እናቴ መጣች። ነጠላዋን እንደለበሰች፣ በአንደኛው ማዕዘን በኩል ባለው የሽቦ በር ገብታ፣ ዳር ላይ ወንበር እያለ፣ በቀጥታ ወደ ሜዳው ውስጥ መራመድ ጀመረች። የምታውቀውን ሰው አይታ በሩቅ እጅ ማውለብለብ የእሷ ነገር አይደለም፤ ተጠግታ ሰላም ትላለች። ሰው ሁሉ እየጮኸባት ነው፤ እሷ ግን የእንግሊዝኛ ጩኸት እሷን የሚመለከት መስሎ አይሰማትም። ጋሼ ወርቅነህ አዩዋት። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ እግራቸውን ከከረጢቱ ላይ አንስተው፣ ሦስት አራት እርምጃ ሄደው፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እንዴት ዋሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎስ፣ ይመስገን ይመስገን። ሰላምታው አላልቅ አለ። ወርዋሪው አፉን ከፍቶ ቆየና ኳሷን ወደ አንደኛው ማዕዘን ወረወረ፤ እዚያ ያለው ልጅ ተቀበለ፤ ጨዋ ልጅ ነበር መሰለኝ፣ ሰዎች ሰላም እየተባባሉ ሳለ መንካት ነውር ይሆን እያለ ግራ ቀኝ ያይ ነበር። አሠልጣኙ ሲጮኽበት ሄዶ በጓንቱ የጋሼ ወርቅነህን ጀርባ ነካ። ወጡ። እሳቸው የጉልበቷን ነገር እየጠየቋት ነበር።

እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነበር። የተጋጣሚ ተጫዋቾች እየሳቁ ነው፤ አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚስቀው። ቀጥሎ የገባው መቺያችን ወጣ፤ ጨዋታው በእኩል አለቀ፤ ማጣሪያው ቀረ። መኪና ውስጥ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ትንሽ እንደሄድን አፌን ከፈትኩ። «እርስዎ በሕይወትዎ ተጫውተው አያውቁም! ተጫዋች ያልነበረ ሰው ለምን ማናጀር ይሆናል?» አልኳቸው። በዚያ ዕድሜዬ ታላቅን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ዞር ብላ ከንፈሯን ነከሰችብኝ። ጋሼ ወርቅነህ በመስተዋቱ አዩኝና፣ «ልክ ነሽ፣ ሰናይት» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቡድኑ አልተመለስኩም፤ እሳቸው ሁለት ዓመት ቀጠሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ሺፍታቸው ተቀየረ።

ደብተሩን ያገላበጥኩት ረቡዕ ከሥራ መልስ ነው። ባለጺሙ፣ ወፍራሙ፣ ግራኙ ሁሉም አሉ፤ ያ የሚያምር የአስተማሪ እጅ ጽሕፈታቸው፣ ጥያቄው በቀይ፣ መልሱ በሰማያዊ። እየሳቅኩ ነበር የማነበው። ወደ መጨረሻው ግድም ግን ስለማንም ያልሆነ አንድ ጥያቄ አገኘሁ። «ጥያቄ፦ ተጫዋች የነበረ ማናጀር ራሱ አንደኛው ማዕዘን ላይ ቢሆን፣ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ቢኖረው፣ ምን ያደርጋል? መልስ፦ እሱ ከማዕዘኑ ይለቃል። ሁሉም እሱን ለመያዝ ሲረባረቡ ልጁ ቤት ይገባል።»

ቁጭ አልኩ። ኳሷ ወደ አንደኛው ማዕዘን ስትወረወር እኔን ያየ ሰው አልነበረም። ዘጠኙም፣ ዳኛውም፣ ዳር ያለውም ሰው የሚያየው ባጭር ሱሪ ቆመው እጅ የሚነሡትን ሰውዬ ነው። በሩጫ አይደለም፣ በእግሬ እየተራመድኩ ቤት እገባ ነበር። ግን ገጹ ቀን የለውም። ከዚያ ጨዋታ በፊት ከሆነ የጻፉት፣ ሰላምታው ተንኮል ነበር፤ የክብር ተንኮል። ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ረስተው የሠሩትን ስሕተት ቤታቸው ተቀምጠው መልክ ሊሰጡት የሞከሩበት ነው፤ እኔ የተናገርኳቸው ቃል አላስተኛቸው ብሎ። ቀዩን ቀለም ከሌሎቹ ገጾች ጋር አስተያየሁት፤ ቀይ ቀይ ነው።

የቀረችኝ ምስክር እናቴ ነበረች። አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ማስታወሷ እንደ ተቀደደ ጆንያ ሆኗል፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይፈስሳል። ራቷን እያበላኋት ጠየቅኳት። ማንኪያውን በእጇ ገፋ አደረገችና አሰበች።

«እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ እኮ» አለች። «ልላቀቅ ብል አጥብቀው ያዙኝ። አፋቸው ለእኔ ያወራል፤ ዓይናቸው ግን በትከሻቸው በላይ ዞሮ አንቺን ነበር የሚያየው። ምን ሆነች ብዬ ልጠራሽ ስል፣ አይጥሯት እትዬ ብርቄ አሉኝ።»

ጠዋት ለማረጋገጥ ደግሜ ጠየቅኳት። የምን ሜዳ ነው የምትይው፣ እኔ ዱላ የሚጫወቱበት ሄጄ አላውቅም አለችኝ፤ ወርቅነህ ሰላም ያለኝ ጎንደር በጥምቀት ዕለት ነው፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር አለች። ጎንደር በጥምቀት አይዘንብም። ጋሼ ወርቅነህን ያወቅናቸውም እዚህ ነው። የትኛዋን እናቴን ልመን?

የሕይወት ታሪኩን አራት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ላይ ተጫዋች ነበሩ አልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ቤዝቦል የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ሦስተኛውን አልጨረስኩትም። ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ቀርቼ የጨረስኩት አራተኛው እንዲህ ይል ነበር፦ በወጣትነታቸው በአገራቸው ይጫወቱ እንደነበር ለልጃቸው አጫውተዋል፤ በሜልበርን የልጆች ቡድን ማናጀር ሆነው አገልግለዋል፤ አንድ ቀን ሰው ሲጎድል ራሳቸው ተሰልፈው፣ ታላቅን ቆመው ሰላም ለማለት ብለው፣ ደግሞም ሦስተኛው ማዕዘን ላይ የነበረ አንድ ልጅ ቤት እንዲገባ ብለው፣ ማዕዘናቸውን ለቀው ወጥተዋል።

ቅዳሜ አነበብኩት። በመሀሉ ያስገባኋቸው አጭሯ ሱሪና ጥቁሩ ጫማ ጋ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ የፈራሁት ሳቅ ግን አልነበረም፤ አንዱ እንደውም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ማዕዘናቸውን ለቀው ወጥተዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳልቸኩል አነበብኩት። ለመቀመጥ ስመለስ በራሴ ትንሽ ኮርቼ ነበር፤ ለአባትየውም ለልጅየውም የሚሆን ቃል አግኝቻለሁ ብዬ።

ምግቡ ተበልቶ ሰው መበታተን ሲጀምር ሊያ ጥቁር ሻርፗን እያስተካከለች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እሷ የምታውቀው ጨዋታ ነው፤ አባቷ አስተምረዋታል፤ እኔ ያለፍኩትን ነገር ወዲያው ነው የያዘችው።

«አንቲ፣ ሰርድ ማዕዘን ላይ የነበረው ልጅ ማነው?»

ረሳሁት ማለት እችል ነበር። ከቡድኑ በሕይወት ያለ ሰው እዚያ አልነበረም፤ እናቴም በሐሳቧ ጎንደር ነች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ ግራ የገባት መሰለች፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

«ዳድ ትንሽ ልጅ ሆኜ ያንን የደብተሩን ጥያቄ ሁሌ ይጠይቀኝ ነበር። ‹ኤንድ ዘን? ልጁ ሮጠ?› ስለው፣ ‹ገና ናት፤ እየጠበቅኳት ነው› ይለኛል። ጆክ መስሎኝ ነበር።»

ሰው ጠራትና ተነሥታ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ፣ እጃቸውን ዘርግተው «እንዴት ነሽ ሰናይት?» ሲሉኝ፣ «ደኅና» ብዬ ጨብጬ አልፌ ኖሬያለሁ። ከሦስተኛው ማዕዘን እስከ ቤት ሠላሳ ምናምን እርምጃ ነው፤ ከእኔ እስከ እሳቸው ሁለት እርምጃ ነበር። ሁለቱንም አልሄድኩም።